የሰው ዘፈን ሲጫወቱ ያደሩ

የአዲስ አበባ ሙዚቃ «ወርቃማ ዘመን» በተነሳ ቁጥር የሚጠራው የድምፃዊና የሸክላ ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ይባላል፤ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ ይነሳል፤ ከዚያም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እነዚያን ሸክላዎች አሰባስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ሲያወጣቸው የውጭው ዓለም እንዴት እንደተደነቀ ይወራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ እውነት ነው። አንድ የነጠላ ሸክላ ፊት የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ያን ደቂቃ የተጫወቱት ሰዎች ግን ሸክላው ከመታተሙ በፊትም ከታተመ በኋላም በየምሽቱ ለሰዓታት መድረክ ላይ ነበሩ፤ ሲጫወቱት ካደሩት ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙው የራሳቸው አልነበረም። የጄምስ ብራውን ነበር፣ የዊልሰን ፒኬት ነበር፣ የጣሊያን የፍቅር ዘፈን ነበር፣ የሱዳን ዜማ ነበር፣ በሌላ ድምፃዊ የታወቀ የአማርኛ ዘፈን ነበር። እኔ የምለው፣ ያ ዘመን ወርቃማ የሆነው የሰው ዘፈን ሲጫወት በሚያድረው ባንድ ትከሻ ላይ ነው። ትዝታችን ይህን ሥራ ስለዘለለው፣ ዛሬ ሙዚቃችን ምን ጎደለው ስንባል የምንሰጠው መልስም አብሮ ይሳሳታል።

ሥራውን እንደ ሥራ እንየው። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታትና በደርግ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ሆቴል፣ ግዮን፣ ዋቢ ሸበሌና ሂልተን ባንድ የሚጫወትባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ከሆቴሎቹ ውጭ ደግሞ እንደ ቬነስ ያሉ የምሽት ክበቦች ነበሩ። ዋልያስ ባንድ ለዓመታት ሂልተን ተጫውቷል፤ ኋላ ሮሃ የተባለው አይቤክስ ራስ ሆቴል ነበር፤ ዳህላክ ባንድ ግዮን። ከተማዋ በ1950 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በእነዚህ አዳራሾች የሚቀመጠው ሰው አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የምዕራብ አፍሪካ ዲፕሎማት፣ ሌላው ላይ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ መምህር፣ ወዲያ ማዶ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት፣ ጥግ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የወጣ መኮንን ይኖራል። እራት ሰዓት ላይ የሚፈለገው፣ ሰው ካጠገቡ ካለው ጋር ሲያወራ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያስፈልገው ለስላሳ ሙዚቃ ነው። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ የሚያስደንስ ይፈለጋል። ሌሊቱ ሲገፋና ብርጭቆው ሲደጋገም ደግሞ እስክስታና ትዝታ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚሸፍን ባንድ የራሴን ብቻ እጫወታለሁ ሊል አይችልም፤ የራሱ የሚለው ቢኖረው እንኳ አንድ ሰዓት አያስኬደውም። የሚያውቀው የዘፈን ብዛት የእንጀራው ልክ ነበር።

ታዲያ ያን ሁሉ ዘፈን ከየት አመጡት? ዛሬ አንድ ወጣት ጊታሪስት ስልኩ ላይ ዘፈኑን እየደጋገመ፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ጣት በጣት ያጠናዋል። ያኔ የነበረው ምንጭ አንድ ሰው ከውጭ ያመጣው ሸክላ፣ ሬዲዮ፣ አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ በኩል የሚመጣ ሙዚቃ፣ ያለዚያም ሌላ ባንድ ሲጫወት ቆሞ መስማት ነበር። ከክቡር ዘበኛ፣ ከምድር ጦርና ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡት ኖታ ያነባሉ፤ ሌሎቹ በጆሯቸው ነው የሚይዙት። በሬዲዮ ሁለቴ የተሰማ ዘፈን ሙሉ ሆኖ አይያዝም። መግቢያው ይያዛል፣ ቤዙ ይያዛል፣ መካከሉ ይጠፋል፤ የጠፋውን ባንዱ ከራሱ ይሞላዋል። መሣሪያም ያስገድዳል። የአሜሪካ ሶል ባንድ በሦስትና በአራት ትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወተውን፣ አንድ ሳክስፎንና አንድ ትራምፔት ይዞ የወጣ ባንድ ቀሪውን ድምፅ ለኦርጋን መስጠት አለበት። አብዛኛው ሰው «ቀድተው ይጫወቱ ነበር» ሲል ቀጥ ያለ ግልባጭ ይመስለዋል፤ በዚያ ሁኔታ ቀጥ ያለ ግልባጭ መሥራት ቢፈልጉም አይችሉም ነበር። ሳይችሉ ቀርተው የፈጠሩት ነገር ነው በኋላ የአዲስ አበባ ድምፅ የተባለው።

እዚህ ላይ ወደ ሙዚቃው ራሱ መግባት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ክርክሩ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው እዚያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና ሶል ዜማውን አብዝቶ የሚሠራበት አምስት ድምፅ ባቲ ማይነር ከሚባለው ጋር በድምፆቹ ርቀት ይገጥማል፤ ትዝታ ሜጀርም በዓለም ላይ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ካለው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ የኦቲስ ሬዲንግን ዘፈን ሲጫወት የኖረ ሳክስፎኒስት ጣቱ የለመደው መንገድ ከአገሩ ዜማ ብዙ የራቀ አልነበረም። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በእነዚህ ላይ የምዕራቡን ኮርድ ልደርድር ያለ ሰው ወይ ዜማውን ያበላሻል ወይ ኮርዱን ይጥላል። መውጫውን ያሳየው ይመስለኛል ጄምስ ብራውን ነው። እሱ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሠራቸው ዘፈኖች ብዙ ጊዜ በአንድ ኮርድ ላይ ቆመው የሚዞሩ ናቸው፤ ቤዙ አንድ ሐረግ ይደጋግማል፣ ጊታሩ ይቆርጣል፣ ትንፋሾቹ ጣልቃ ይገባሉ፣ ኮርዱ አይሄድም። ይህን በየምሽቱ ሲጫወት የኖረ ባንድ ወደ አንቺሆዬ ሲመለስ ኮርድ ፍለጋ አይደክምም፤ ቤዙን አንድ ሐረግ ላይ አስሮ ቅኝቱን በላዩ ይለቀዋል። ከበሮው ግን እንደ አሜሪካው በአራት አይሄድም፤ ችክችካው በስድስት ነው። እነዚህ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ኮንሰርቫቶሪ ወይም ስቱዲዮ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ባንድ የሚጠየቁበት ቦታ ነው።

ሸክላዎቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው። ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር ሲቀርጸው ባንዱ የሚጫወተው ተጠርቶ እንደ መጣ ቅጥር አጃቢ አይደለም፤ አብሮ ማምሸት እንደለመደ ሰው ነው። ቤዙና ከበሮው የሚተያዩበት አኳኋን በልምምድ ክፍል ብቻ አይመጣም። አይቤክስ በመሣሪያ ብቻ የተጫወታቸው ዜማዎች በዓመቱ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲቀረጹ ስቱዲዮው የሥራ ቦታቸው ነበር ማለት ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» እና የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በተከታዩ ዓመት ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»ም ዘፋኝ የሌለባቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ዜማዎች ደግሞ አድማጩ ቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። ይህን የሚሰማ የውጭ ሰው የረቀቀ የጃዝ ሐሳብ ይመስለዋል። ሊሆን ይችላል፤ ግን የእራት ሰዓት ሙዚቃም ነው። ዘፋኙ ገና አልመጣም፣ ሰው እየበላ ነው፣ ባንዱ የታወቀ ዘፈን ዜማ በኦርጋንና በሳክስፎን ይጫወታል። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሳንሱር ፊት የሚቀርብ ቃል እንደሌለውም መርሳት የለብንም። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በውድ ዋጋ የሚሸጡት ድጋሚ ሕትመቶች፣ ስማቸውን በትክክል ብንጠራው፣ የሰው ዘፈን የሚጫወቱ የሆቴል ባንዶች አልበሞች ናቸው። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» በ«ቼ በለው» ውስጥ መገኘቱም ይህን አያፈርሰውም፤ ያንን የመሰለ አዲስ ድርሰት በዚያ ዝግጁነት ሊጫወት የቻለው በሌሎች ዜማዎች ሺህ ጊዜ የተፈተነ ባንድ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከአገር ወዳዱ ነው። ይህ ሁሉ ፈረንጅን መምሰል እንጂ ምን ጥበብ አለው፤ ባሕላችን በአዝማሪው እጅ ነበር፣ ሆቴሎቹ አበላሹት ይላል። ነገሩን ከሥሩ ብናየው፣ የውጭ መሣሪያና የውጭ ዜማ መቅዳት በሆቴል አልተጀመረም። ከአድዋ ድል በኋላ የነሐስ መሣሪያዎች ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለአፄ ምኒልክ መጥተዋል፤ በ1916 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆነዋል፤ የአስተማሪያቸው የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ኔርሴስ ደግሞ የአገር ዜማዎችን ለትልቅ ኦርኬስትራ እያቀናበረ ትውልድ አስተምሯል። ከዚህ የሚከብደው ግን አዝማሪው ራሱ ነው። አዝማሪ በዜማ ባለቤትነት አይኮራም። ዜማው የሁሉ ነው፤ የሱ የሚባለው በዚያች ሌሊት፣ ለዚያ እንግዳ፣ በዚያ ዜማ ላይ የሚያስቀምጠው ግጥምና የመሰንቆው ጨዋታ ነው። ትዝታ የሚባለውን ዘፈን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዘፋኝ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እያንዳንዱ ትልቅ ድምፃዊ የራሱ ትዝታ አለው፤ አድማጭም የአንዱን ከሌላው እያወዳደረ ያድራል፤ የማን ይበልጣል ይላል እንጂ የማን ነው አይልም። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሕዝብ የሰው ዘፈን በሚጫወት ባንድ ለምን ያፍራል? ባንዱ አዝማሪው ሲሠራው የኖረውን በኤሌክትሪክ ነው የቀጠለው። ልዩነቱ ዜማው ከጎጃምና ከወሎ ብቻ ሳይሆን ከሜምፊስም ከኦምዱርማንም መምጣቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያከራክራል፤ ከፊሉንም እቀበለዋለሁ። ሙዚቀኞቹን ያሠለጠናቸው ሆቴል ሳይሆን መንግሥት ነው የሚለው ነው። በእርግጥ ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅርና በ1948 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባይኖሩ ኖሮ ኖታ የሚያነብ፣ ትንፋሽ የሚጫወት፣ በሰዓቱ የሚገኝ ሙዚቀኛ ከየት ይመጣ ነበር? ደመወዝ፣ መሣሪያና መምህር የነበረው እዚያ ነው። ኃይሉ መርጊያም ልጅ ሆኖ የገባው ወደ ጦሩ የሙዚቃ ክፍል ነው። ነገር ግን የመንግሥት ኦርኬስትራ የሚጫወተው አለቃው የመረጠውን ነው፤ ለበዓል፣ ለሰልፍ፣ ለቴአትር ቤት መድረክ፣ በልምምድ ተጠንቶ ያለቀ ነገር። አድማጩ ተነስቶ ሊሄድ አይችልም። የምሽት ክበብ አድማጭ ግን ይሄዳል፤ ካልደነሰ ባለቤቱ ያያል፤ ባለቤቱ ካየ የባንዱ ቅጥር ያበቃል። መንግሥት ያስተማረውን ክበቡ ፈተነው፤ ለዚህም ነው የኦርኬስትራዎቹ ሙዚቀኞች ማታ ማታ ወደ ክበብ የሚወጡት። ማሕሙድ አሕመድ ራሱ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ያመሹበት በነበረው አሪዞና ክበብ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ አንድ ምሽት ድምፃዊ ስለቀረ ልዝፈን ብሎ ጠይቆ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ክቡር ዘበኛ የገባው። በዚያ ሌሊት የዘፈነው የሰው ዘፈን መሆኑን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የራሱ ዘፈን አልነበረውምና። ሶል ኤኮስን የመሳሰሉ ከመንግሥት ውጭ የቆሙ ባንዶች ሲመጡ ደግሞ ስማቸው ራሱ ምን ይጫወቱ እንደነበር ይናገራል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የሙዚቃ አይደለም። «ቼ በለው» እና «ወደ ሐረር ጉዞ» የወጡባቸው ዓመታት የቀይ ሽብር ዓመታት ናቸው። ጎዳና ላይ ሬሳ በሚታይበት ከተማ፣ ሰዓት እላፊ በታወጀበት ሌሊት፣ ሆቴል ውስጥ ሲደነስ ማደሩን በናፍቆት ማስታወስ ያሳፍራል የሚል ሰው አለ፤ አልፈርድበትም። ያን ዘመን ያለ ጥላው የሚያስታውስ ጽሑፍ ሁሉ ለኔም ይጎረብጠኛል። ነገር ግን ሙዚቀኛው በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ አልነበረም፣ ሠራተኛ ነበር። ሰዓት እላፊው ለሥራው ያደረገውን ደግሞ ሳይሸሹ ማየት ይገባል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል ክበቡ የገባው ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቆያል፤ እንግዳው ካልሄደ ባንዱም አይወርድም። በሌላ አገር ሁለት ሦስት ሰዓት የሚጫወት ባንድ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ሌሊቱን የሚሞላው ዘፈን ደግሞ ወይ አዲስ ይጠናል ወይ የታወቀው ይረዝማል፤ ሦስት ደቂቃ የነበረው አሥር ደቂቃ ይሆናል፣ ሳክስፎኑ ይወጣል፣ ኦርጋኑ ይመለሳል፣ ከበሮው ብቻውን ይቀራል። ጨካኝ አዋጅ ሳያስበው ረጅም ልምምድ አስገኘ ማለት አዋጁን ማመስገን አይደለም። ብዙ ሙዚቀኛ የሚጫወትበት መሣሪያ የክበቡ ባለቤት ንብረት እንደነበረ፣ ሴት ድምፃዊት ማታ ሠርታ ቀን በሰፈሯ ምን እንደምትባል፣ «አዝማሪ» የሚለው ስም እንደ ስድብ ይወረወር እንደነበርም አብሮ መነገር አለበት። ወርቅ የምንለው ብዙውን ጊዜ የተከፈለው በሳንቲም ነው።

ያ ሥራ እንዴት ቆመ ሲባል የተለመደው መልስ ኪቦርድ ገደለው ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድና በሪትም ማሽን ከበሮውንም ቤዙንም ትንፋሹንም ይጫወት ጀመር፤ ለካሴት አሳታሚው ርካሽ ነው፣ ለክበቡ ባለቤት ደግሞ ለስድስት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰው መክፈል ይሻላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። መልሱ ግን አያረካኝም፤ ምክንያቱም ማሽኑ ያለ ባንድ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየው ራሱ የሆቴል ባንድ ሰው ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ ገሚሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ሪትም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ የተጫወተው የቆዩ የአገር ዜማዎችን ነው። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ሲታተም እሱ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ድጋሚ ሕትመቱ ወደ ዓለም መድረክ መለሰው። እዚያ ካሴት ላይ ማሽን አለ፤ ግን ግራ እጁ መቼ ዝም እንደሚል፣ ዜማው መቼ እንደሚዘገይ የሚያውቀው ሰው የሂልተንን ሌሊቶች ያሳለፈ ነው። የጎደለን የከበሮ እንጨት ብቻ አይደለም። ከእሱ በኋላ የመጣው ኪቦርዲስት ማሽኑን አገኘ፣ ሌሊቶቹን አላገኘም፤ ከአምስት ባልደረቦች ጋር ተፋጥጦ፣ በማያውቀው እንግዳ ፊት፣ ያልተዘጋጀበትን ዘፈን ጀምሮ የመጨረስ ዕድል አልደረሰውም።

ይህን ካልን ስለ ዛሬዎቹ ባንዶች የሚቀርበውን ወቀሳ ደግመን ማየት አለብን። ቦሌም ሆነ ዋሽንግተን ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባንዱ የሚጫወተው የድሮውን ብቻ ነው፤ ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ የሮሃ ዘመን ዘፈኖች፤ አዲስ ነገር የለም ይባላል። ወቀሳው ምርጫውን ከአሠራሩ ጋር ያምታታል። የድሮ ዘፈን መጫወት ችግር አይደለም፤ ሮሃም ሲጫወት ያደረው የሰው ዘፈን ነው። ችግሩ ዘፈኑን ከካሴቱ ጋር እያስተያየ የሚያደምጥ ሰው መብዛቱ ነው። መግቢያው እንደ ካሴቱ ካልሆነ፣ ሳክስፎኑ ማሕሙድ ቀርጾት ከነበረው አንዲት ድምፅ ካጎደለ፣ ጠረጴዛው ላይ «አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል፤ ባንዱም ይህን ስለሚያውቅ ከስልክ ላይ እንዳለ አጥንቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ የተቀረጸ ማጀቢያ ከፍቶ ከላዩ ይዘፍናል። በአይቤክስ ዘመን ሊሆን የማይችለው ትክክለኛ ግልባጭ ዛሬ በጣም ቀላል ሆኗል፤ ሲቀል ደግሞ ግዴታ ሆነ። እዚህ ላይ ትዝታ ወዳዱ አድማጭ፣ ማለትም ብዙዎቻችን፣ ከባንዱ ያላነሰ ተጠያቂ ነን። ትዝታን ከአሥር ሰው አሥር ዓይነት ስንሰማ የማንከፋ ሰዎች፣ ከ1967 ወዲህ በተቀረጸ ዘፈን ላይ ግን ንክች አታድርጉት እንላለን። በዘርፉ ያሉ ልጆች ይህን አጥር ለመስበር መሞከራቸው አይካድም። በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ የጠፋው ጃዛምባ በአጭር ዕድሜው ወጣት ሙዚቀኞች የቆየውን ዜማ እየፈቱ የሚገጥሙበት መድረክ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ሲዘጋ ዜናው የሕንፃ ዜና ሆኖ ያልፋል፤ ስንት ሰው የሚሠለጥንበት ሌሊት እንደተዘጋ የሚቆጥር የለም።

የቀረው የመብት ጥያቄ ነው፤ ይህንን ማድበስበስ አልፈልግም። ባንዱ የሰው ዘፈን ተጫውቶ ይከፈለዋል፣ ሆቴሉ ቢራ ይሸጥበታል፣ ዜማውን የደረሰውና ግጥሙን የጻፈው ሰው ግን ምንም አያገኝም። ብዙ የዚያ ዘመን ደራሲና አቀናባሪ ስሙ እንኳ ሳይጠራ በድህነት አልፏል። ዜማው የሁሉ ነው የሚለው የአዝማሪ ወግ እዚህ ላይ አያገለግልም፤ አዝማሪው በሕዝብ ዜማ ላይ ይሠራ ነበር እንጂ ትናንት አንድ የታወቀ ሰው በደረሰው ላይ አይደለም። ሕጉም ለረጅም ጊዜ ይህን ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ይናገራል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሥራን ለሕዝብ በመድረክ የማቅረብ መብት የደራሲው መሆኑን ደንግጓል፤ ማሻሻያው አዋጅ 872/2007 ክፍያ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ባንዶቹ የሰው ዘፈን መጫወት ያቁሙ» የሚል ግን ሒሳቡን ከተሳሳተ ሰው ላይ ይሰበስባል። ስድስት ሰው ሌሊቱን ሠርቶ የሚካፈለው ገንዘብ ከታወቀ፣ ደራሲው ድርሻውን መጠየቅ ያለበት በዘፈኑ ቤቱን ከሞላው ሆቴልና ክበብ ነው፤ በሌላውም ዓለም የመድረክ ክፍያ በአብዛኛው የሚጠየቀው ከቤቱ ባለቤት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ትልቁ ነገር ማታ ምን ምን እንደተዘፈነ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ባንዶች ደግሞ ዝርዝሩን ድሮም ይጽፉታል፤ በወረቀት ቁራጭ ላይ፣ ከቅኝቱና ከቁልፉ ጋር፣ ከበሮው ሥር ይለጥፉታል፤ ሲነጋ ይጣላል። ያ ወረቀት በየሌሊቱ ቀንና የቤቱ ስም ተጽፎበት ቢሰበሰብ ለማኅበሩ የክፍያ ሰነድ፣ ለታሪክ ጸሐፊው ደግሞ ሸክላው ያልነገረንን የሚነግር መዝገብ ይሆን ነበር፤ ዋልያስ አንድ ማክሰኞ ማታ ሂልተን ውስጥ ከእራት እስከ ንጋት ምን ተጫውቶ እንዳደረ ዛሬ በእርግጠኝነት እናውቅ ነበር።